አሥራ አንደኛው መስመር

የሺአረግ ማንም ያልሾማት፣ ማንም ግን ሊቀማት ያልደፈረ አንድ ሥራ ነበራት። ጉርድ ሾላ ላይ፣ ከቀለምና ከቆርቆሮ መሸጫው በላይ ያለው የጋሽ ሚስባህ የኮምፒውተር ማሠልጠኛ አሥራ ሁለት ማሽኖች ነበሩት። ሠልጣኞቹ አስተማሪ ዘወር ባለ ቁጥር፣ ከዱባይ በመጣ ሲዲ ይሁን ከጎረቤት በተዋሱት ዲስኬት፣ የመኪና እሽቅድምድም፣ የካርታ ጨዋታ፣ የሚያወራ በቀቀን፣ ያገኙትን ሁሉ ይጭኑባቸዋል። ጨዋታው ቢጠፋም ስሙ አይጠፋም። ኮምፒውተር ሆዱ የገባውን ፕሮግራም ሁሉ የሚጽፍበት ሬጅስትሪ የሚባል የራሱ መዝገብ አለው፤ የሞቱት ጨዋታዎች ስም እዚያ እየተቆለለ ማሽኑን ያንቀራፍፈዋል። በየሦስት ወሩ፣ አንዱ ዙር ተመርቆ ሌላው ከመግባቱ በፊት፣ የሺአረግ መዝገቡን ትከፍትና ስሞቹን አንድ በአንድ ታጠፋለች። ሁለት ቀን ሙሉ ማንም ወደ ክፍሉ አይገባም። ጋሽ ሚስባህ በሩ ላይ ቆመው፣ አንድ ፊደል ብትሳሳት ማሽኑ አለቀለት እያሉ ለእንግዳ ያወሩላታል። ሥራው በአንድ ቀን ሊያልቅ ይችል ነበር። በሌላ ነገር ሁሉ ችኩል የነበረችው የሺአረግ በዚህ በዚህ ግን አትቸኩልም።

ወደዚህ ቤት የመጣችው በአሥራ ሰባት ዓመቷ ነው፤ ያኔ ቤቱ የታይፕ ትምህርት ቤት ነበር። የታይፕ አስተማሪዋ እትዬ አዝመራ ዓይኗን በመሀረብ ሸፍነው አሥሩንም ጣቶቿን አስተማሯት። ኮምፒውተር ሲመጣ የመጀመሪያውን ማሽን ክዳን ካቻቢቴ ይዛ የፈታችው እሷ ናት፤ ዲፕሎማዋንም በማታ ተምራ ያዘች። አሁን ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው። ከጎሮ ጭቃ ውስጥ በቦቲ ጫማ ትመጣለች፤ ደረጃው ሥር ጫማ ትቀይራለች፤ ከዚያ በኋላ ያለው ፎቅ የእሷ ነው።

ቢያንስ እስከ ጥቅምት ዘጠና አንድ ድረስ የእሷ ነበር። በጥቅምት ራሕማ መጣች።

ራሕማ ከአራት ኪሎ በኮምፒውተር ሳይንስ የተመረቀች፣ ሲኤምሲ የአባቷ ቪላ ውስጥ የምትኖር፣ ጫማዋ ጭቃ የማያውቅ ልጅ ናት። የሺአረግ ክፉ ብትሆንላት ደስ ባላት። ራሕማ ግን ክፉ አልነበረችም። በገባች በሳምንቷ «የሺዬ» ማለት ጀመረች። እትዬ አዝመራ፣ ለማንም ሞቅ ያለ ፊት ሰጥተው የማያውቁት ሴትዮ፣ ከቤት የሚያመጡትን ዳቦ ዳር ዳሩን ለእሷ መቁረስ ጀመሩ። ጋሽ ሚስባህ ስትገባ ከወንበራቸው ብድግ ይላሉ። ለየሺአረግ በዘጠኝ ዓመት አንድ ቀን እንኳ ብድግ አላሉላትም፤ እሷም ራሕማ እስክትመጣ ድረስ ልብ ብላው አታውቅም። ቅናት እንዲህ ነው፤ ያልጎደለሽን ነገር ሁሉ አስቆጥሮ ጎደለሽ ይልሻል።

ነገሩ በዳቦና በወንበር ቢቀር ደግ ነበር። ጋሽ ሚስባህ ሲኤምሲ ላይ አዲስ ቅርንጫፍ ሊከፍቱ ነበር፤ ቤቱ ተከራይቷል፣ አሥር አዳዲስ ማሽኖች ታዘዋል፣ ኃላፊ ግን አልተሰየመም። የሺአረግ ከስድስት ወር በፊት ስለ ኃላፊነቱ ጠይቃቸው፣ «ኢንሻአላህ» ብለዋታል። ጋሽ ሚስባህ ኢንሻአላህ ብለው ያስቀሩትን ነገር አታውቅም። ራሕማ ከመጣች ወዲህ ግን ስለ ሲኤምሲ ሲያወሩ ዓይናቸው የሚያርፈው ሌላ ቦታ ነው።

በመጋቢት ወር፣ የጽዳቱ ጊዜ ሲደርስ፣ ራሕማ ከኋላዋ መጥታ ትከሻዋ ላይ ጎንበስ አለች።

«የሺዬ፣ ይሄን ሁሉ በእጅሽ ነው እንዴ የምታጠፊው?»

ሽሙጥ የለበትም። የምር አዝና ነበር የጠየቀችው። የሺአረግ ሽሙጥ ቢሆን መልስ አታጣም ነበር፤ ኀዘኔታ ሲሆን ግን ዞር ሳትል የሚቀጥለውን ስም አጠፋች።

ራሕማ በማግስቱ ስክሪፕት ጽፋ መጣች። አንድ ገጽ የማይሞላ ትእዛዝ ነው፤ የጨዋታዎቹን ስም ከአንድ ዝርዝር ላይ ያነብባል፣ አንዱን ከመዝገቡ አጥፍቶ ለሚቀጥለው ይመለሳል፣ ዝርዝሩ እስኪያልቅ እንዲያ ይዞራል። በጋሽ ሚስባህ ማሽን ላይ በስድስት ስሞች ሞከረችው። ጋሽ ሚስባህ መነጽራቸውን ሳያስተካክሉ አለቀ። ሁለት ቀን የሚፈጀው ነገር ይሄ ነው እንዴ ብለው ጠየቁ፤ ጥያቄው ለማን እንደሆነ ያልገባው ሰው ክፍሉ ውስጥ አልነበረም።

ሙሉው የስም ዝርዝር ያለው በየሺአረግ ደብተር ላይ ነበር፤ አርባ ሦስት ስሞች፣ በሦስት ዓመት የለቀመቻቸው። ራሕማ ደብተሩን እንድታውሳት ለመነቻት። የሺአረግ ደብተሬን ለሰው አልሰጥም አለችና ራሷ ቁጭ ብላ፣ በእነዚያ በእትዬ አዝመራ ጣቶች፣ በአምስት ደቂቃ ተይባ ዲስኬቱን ወረወረችላት። ራሕማ «አላህ ይስጥሽ» አለቻት።

ቅዳሜ ጠዋት ሁሉም ተሰበሰበ። ራሕማ ዲስኬቷን ይዛ ከአንዱ ማሽን ወደ ሌላው እንደ ሐኪም ትዘዋወራለች፤ ጋሽ ሚስባህ ይከተሏታል፤ እትዬ አዝመራ ሻያቸውን ይዘው ወንበር ላይ ተቀምጠው እንደ ሠርግ ያያሉ። የሺአረግ ግድግዳ ተደግፋ ትቆጥራለች። አንደኛው ማሽን፣ ሁለተኛው፣ ሦስተኛው፣ አራተኛው። አንድ ሰዓት ተኩል ሲፈጅባት የነበረው አርባ ሴኮንድ አልሞላም። የዘጠኝ ዓመት ክብሯ ዓይኗ እያየ በየአርባ ሴኮንዱ አንድ አንድ ጡብ ይወድቃል።

ራሕማ ወደ አምስተኛው ስትዞር ጋሽ ሚስባህ ፍጥነቱን ለማየት ቸኩለው የመጀመሪያውን ማሽን አጥፍተው አበሩት። ማሽኑ ተነሣ፤ ግን እንደ ወትሮው አልተነሣም። አንድ የስህተት ሳጥን ወጣ፤ ሲዘጉት ሌላ ወጣ፣ ከሌላው ሌላ። በመጨረሻ ባዶ አረንጓዴ ገጽ ብቻ ቀረ። የጽሑፍ መጻፊያው አይከፈትም፣ የሒሳብ ሠንጠረዡ አይከፈትም፣ የአማርኛ ፊደሉ የለም። ሁለተኛውን አበሩት፤ እንደዚያው። አራቱም እንደዚያው ሆኑ።

ራሕማ ዲስኬቷን በሁለት እጇ ይዛ ቆመች። ሰኞ ጠዋት በሁለት ሰዓት ከአንድ መሥሪያ ቤት የሚላኩ አሥራ ሁለት ጸሐፊዎች እዚሁ ክፍል ሊፈተኑ ቀጠሮ አላቸው፤ አሥራ ሁለቱም ማሽን ያስፈልጋል።

የሺአረግ ደስታ ተሰማት። መደበቅ የማይቻል፣ ከሆድ የሚነሣ፣ እንደ ትኩስ ሾርባ የሚያሞቅ ደስታ። ለጨዋነት ያህል ዝቅ ብላ የቦቲዋን አቧራ የምታራግፍ መሰለች፤ ቦቲው ደረጃ ሥር መቅረቱን ያስታወሰችው ካጎነበሰች በኋላ ነው።

ጋሽ ሚስባህ ዞር ብለው እሷን ፈለጉ። ከጥቅምት ወዲህ እንዲያ አልፈለጓትም ነበር።

«የሺ፣ እባክሽ ልጄ፣ ይነሡ ይሆን?»

«ሁላችሁም ውጡልኝ» አለች።

ማሽኖቹ ይነሣሉ። ዊንዶውስ በየቀኑ መጀመሪያ በደህና ሲነሣ የመዝገቡን ቅጂ ለክፉ ቀን ሸሽጎ ያስቀምጣል፤ የአምስት ቀን ቅጂ ይይዛል። ከዊንዶውስ ወጥቶ በጥቁሩ ገጽ ላይ አንዲት መስመር መጻፍ፣ የትናንቱን ቅጂ መምረጥ፣ መጠበቅ፤ ይሄው ነው። የሺአረግ ይህን ያወቀችው በመስከረም አንዱን ማሽን ራሷ ገድላ፣ ማንም ሳያያት ስታነሣው ነው። ለማንም አልተናገረችም። አሁንም በሩን ዘጋች፣ መጋረጃውን ሳበች። አራቱም ማሽኖች በሃምሳ ደቂቃ ተነሡ። የሺአረግ ግን ሦስት ሰዓት ሙሉ አልወጣችም። የካርታ ጨዋታ ተጫወተች። ሁለት ጊዜ እትዬ አዝመራ አንኳኩተው ደህና ነው ወይ ብለው ጠየቁ፤ ማሽኑን ይሁን እሷን አልገባትም፤ ገና ነው አለቻቸው።

ስትወጣ ጋሽ ሚስባህ ኮሪደሩ ላይ ከወንበራቸው ብድግ አሉላት።

አራቱም ድነዋል ብላ ነገረቻቸው። ግንባሯን ሳሟት። ከዚያ ራሕማ ቆማ እየሰማች፣ የስክሪፕቱን ጥፋት አንቺው አይተሽ ንገሪኝ፣ የሲኤምሲን ነገርም ዛሬ እንጨርሳለን አሉ። «ዛሬ» የሚለው ቃል የሺአረግ ጆሮ ውስጥ እንደ ቁልፍ ድምፅ ቃጨለ።

ስክሪፕቱን በወረቀት አትማ፣ እርሳስ ይዛ ተቀመጠች። ንጹሕ ሥራ ነበር፤ ይሄም አናደዳት። ዙሩ ከዝርዝሩ አንድ መስመር ያነብባል፤ ያነበበውን ስም ፕሮግራሞች ሁሉ ከሚመዘገቡበት ትልቅ ቅርንጫፍ ስም ጋር ይቀጥላል፤ መጨረሻ ላይ የቆመውን ከነልጅ ልጁ ያጠፋል፤ ስህተት ቢያጋጥመውም ዝም ብሎ ያልፋል። በስድስት ስሞች ሠርቷል። በአርባ ሦስቱ ለምን ገደለ?

ዝርዝሩንም አትማ ጎን ለጎን አስቀመጠች። ጣቷን እያወረደች ቆጠረች፤ አሥረኛው ላይ ደርሳ ቆመች።

ከአሥረኛው ስም በታች አንድ ባዶ መስመር ነበር። ከሃያኛው በታችም፣ ከሠላሳኛው በታችም፣ ከአርባኛው በታችም።

ይህ የእትዬ አዝመራ ሕግ ነው። ዝርዝር ሲተየብ ከአሥር መስመር በኋላ አንድ መስመር ይዘለላል፤ አለቃው በማስመሪያ እያየ አሥር አሥር አድርጎ እንዲቆጥር። በዚህ ቤት የታይፕ ትምህርት የጨረሰ ሰው ይህን ሳያስብ ያደርገዋል፤ እጁ ነው የሚያደርገው። ራሕማ የታይፕ መኪና ነክታ አታውቅም፤ ለእሷ ዝርዝር ማለት ስም፣ ስም፣ ስም ነው። ስክሪፕቷ አሥራ አንደኛው መስመር ላይ ሲደርስ ምንም ስም አላገኘም፤ ቅርንጫፉ ላይ ምንም አልቀጠለበትም፤ ስለዚህ ቅርንጫፉን ራሱን ቆርጦ ጣለው። የቀረውን ሠላሳ ሦስት ስም ደግሞ በሌለ ዛፍ ላይ ሲፈልግ ቆየ።

የሺአረግ እርሳሱን አስቀመጠች። ባዶዎቹ መስመሮች የእሷ ናቸው።

ሐቁ ግን ሁለት ነበር። ጥሩ ዙር ከማጥፋቱ በፊት የያዘው ነገር ባዶ አለመሆኑን ማየት አለበት፤ ራሕማ ይህን አልጻፈችም። የሺአረግ ይህን ብቻ ለጋሽ ሚስባህ ብትናገር ውሸት አይሆንም። ስለ ዝርዝሩ ማን ይጠይቃል? ስክሪፕቱን ከፈተች፤ ከማጥፊያው ትእዛዝ በላይ አንድ መስመር ጨመረች፤ ስሙ ባዶ ከሆነ እለፈው። ባዶዎቹን መስመሮች ሳትነካ ባንዱ ማሽን ላይ ሞከረችው። አርባ ሦስቱ ስሞች ጠፉ፤ ሌላው ሁሉ በቦታው ነበር። ማሽኑን አጥፍታ አበራችው፤ እንደ ወትሮው ተነሣ።

በዚህ መሐል ራሕማ ሁለት ሳምቡሳ በወረቀት ጠቅልላ ገባች፤ ምሳ አልበላሽም ብላ አንዱን ሰጠቻት። ወረቀቶቹን አየች።

«አገኘሽው?»

«ባዶ መሆኑን አያይም ስክሪፕትሽ።»

«አውቃለሁ» አለች ራሕማ። «አንቺ በር ዘግተሽ ስትሠሪ ዲስኬቱን በጋሼ ማሽን አየሁት። አሥራ አንደኛው ላይ ነው።»

የሺአረግ ሳምቡሳውን አልጎረሰችም። «ዝርዝሩን አይተሽዋል እንግዲህ።»

«አይቼዋለሁ። ባዶ መስመር ማንም ይተዋል፣ የሺዬ። ማየት የነበረብኝ እኔ ነኝ። ለጋሼም ጥፋቱ የኔ ነው ብያቸዋለሁ።»

ከጥቅምት እስከ መጋቢት የተከማቸው ቅናት ሁሉ ከዚህ ጋር ሲነጻጸር ምንም አልነበረም። ዲግሪው ይሁንላት። ቪላው፣ ዳቦው፣ የጋሽ ሚስባህ ወንበር ይሁንላት። አሁን ደግሞ ሳምቡሳ እያላመጠች ትልቅ ሰውም ሆነች። ሲኤምሲን በዚህ መንገድ ብታገኝ፣ በራሕማ ምሕረት ያገኘችው ሊሆን ነው፤ በየጠዋቱ ያንን ቢሮ ስትከፍት ምሕረቱ ወንበር ላይ ተቀምጦ ሊጠብቃት ነው።

ተነሣች። ወደ ጋሽ ሚስባህ ክፍል ገባች፤ በሩን እንኳ አላንኳኳችም።

«ባዶ መስመሮቹን የተውኩት እኔ ነኝ» አለች። «ዝርዝሩን የተየብኩት እኔ ነኝ። ራሕማ እንዳትሸከምልኝ።»

ይህን ያለችው ከቅንነት አልነበረም፤ የሷን ጥፋት ራሕማ ስትሸከምላት ማየት ስላልቻለች ነው። ጋሽ ሚስባህ ግን ቅንነት አድርገው ወሰዱት። እንደዚህ ያለ ሰው ከመቶ አንድ አይገኝም አሉ። መስመር መዝለሉንማ አዝመራ እኔንም አስተምራኛለች ብለው ሳቁ። ከዚያ ሳቃቸውን ሰብስበው፣ ሲኤምሲን ለራሕማ እንደሚሰጡ ነገሯት።

የሺአረግ አንድ እርምጃ ወደ ጠረጴዛቸው ቀረበች። «በኔ ጥፋት ነው?»

«በጥፋትሽ አይደለም ልጄ፣ በሙያሽ ነው። እዚያ ያለው ማሽን አዲስ ነው፣ ምን ይሆናል? እንደ ዛሬ ያለ ቀን ሲመጣ እዚህ ካንቺ ሌላ ማን አለኝ? ሦስት ሰዓት ሙሉ ታግለሽ አይደል ያነሣሻቸው?»

ሃምሳ ደቂቃ ነው የፈጀብኝ፣ የቀረውን ካርታ ስጫወት ነበር አትላቸው ነገር። ወደ ውጭ ወጣች። ከጉርድ ሾላ እስከ ጎሮ በእግሯ ሄደች፤ መንገዱን ሙሉ የተሳደበችው ራሕማን ሳይሆን ራሷን ነበር። በሩን የዘጋችው በሰው ላይ መስሏት ነበር።

ሰኞ ፈተናው በሰላም አለፈ። ማክሰኞ ከሰዓት፣ ራሕማ ሲኤምሲ የቤቱን ቀለም ልታይ በሄደችበት፣ የሺአረግ እትዬ አዝመራን እጃቸውን ይዛ ክፍሉ ውስጥ አስገባቻቸው። ባንድ ማሽን ላይ የራሕማን አሮጌ ስክሪፕት ከነባዶ መስመሩ ለቀቀችበት። ማሽኑ ሞተ።

«አሁን እርስዎ ያነሡታል» አለቻቸው።

«እኔ? ምን ነካሽ አንቺ ልጅ፣ እኔ የታይፕ ሰው ነኝ።»

«አንድ መስመር ነው እትዬ። እርስዎ ነዎት አንድ መስመር ምን እንደምትሠራ ያስተማሩኝ።»

እትዬ አዝመራ መነጽራቸውን አጠለቁ። መጀመሪያ ሲያነሡት ሠላሳ ደቂቃ ፈጀባቸው፤ ላብ በላብ ሆኑ። የሺአረግ እንደገና ገደለችው። እንደገና አነሡት። በአራተኛው፣ የታይፕ ጣቶች አይደሉ፣ ወደ ቁልፎቹ ሳያዩ ጻፉት፤ ማሽኑ ቅጂውን እስኪመልስም ሻያቸውን ጠጡ።

ረቡዕ ጠዋት የሺአረግ ጋሽ ሚስባህን ጠርታ፣ በፊታቸው አንድ ማሽን ገድላ፣ ወንበሩን ለእትዬ አዝመራ ለቀቀችላቸው። ሲጨርሱ ጋሽ ሚስባህ ሰዓታቸውን አዩ። አሥራ ሁለት ደቂቃ። ወደ የሺአረግ ዞሩ።

«ቅዳሜ ታዲያ ሦስት ሰዓት ምን ስትሠሪ ነበር?»

«ካርታ ስጫወት» አለች። «እንግዲህ እዚህ ሰው አለዎት። ሲኤምሲስ? አሥሩ ማሽን በወሩ ጨዋታ ይሞላል። ማን ያነሣልዎታል?»

«ራሕማ ናታ።»

«ራሕማን አላስተማርኳትም።»

ጋሽ ሚስባህ ተንኮለኛ መሆንሽን እስከ ዛሬ አላውቅም ነበር አሉ፤ እሷም ተንኮል ሳይሆን ችኮላ ነው፣ ዛሬውኑ ይንገሩኝ አለቻቸው። ኢንሻአላህ ሊሉ አፋቸውን ከፍተው ተዉት። እሺ፣ ሲኤምሲ ያንቺ ነው፤ ራሕማ እዚህ ታስተምር፤ ልጅቷንም አንቺው ንገሪያት አሉ።

ነገረቻት። ራሕማ አቀፈቻት። እንኳን ደስ አለሽ አለች፤ ዓይኗ ውስጥ ቅሬታ ብትፈልግ የሺአረግ ትንሽ አገኘች፤ ትንሽ ብቻ፤ ያም አልበቃትም። ከዚያ ራሕማ የታረመውን ስክሪፕት ለዚህ ቤት አንድ ቅጂ እንድትተውላት ጠየቀች። የሺአረግ ዲስኬቱን ሰጠቻት። ራሕማ ከፍታ አነበበችው።

«ስምሽን ጽፈሽበታል።»

«አርሜዋለሁ እኮ።»

«ከኔ ስም በላይ ነው የጻፍሽው፣ የሺዬ። አንድ መስመር ነው የጨመርሽው።»

«እሷ መስመር ባትኖር የቀረው ምን ሲሠራ እንደነበር አይተሻል።»

ራሕማ ሳቀች፤ ስሙን ግን ከቦታው አላነሣችውም። የሞተ ማሽን ማንሣቱን መቼ ነው የምታስተምሪኝ ብላ ጠየቀቻት። የሺአረግ ቦርሳዋን አነገተች።

«ቤትሽ ሲኤምሲ አይደል? ስታልፊ ጎራ በይና እናያለን» አለችና ወጣች።

ደረጃውን አጋምሳ ሳለች ከላይ የእትዬ አዝመራና የራሕማ ሳቅ ተሰማት፤ ሁለቱም ባንድ ላይ፣ ከልብ። የሺአረግ አንድ እግሯን ወደ ታች ዘርግታ ቆመች። የሚኒባሱ ረዳት ከታች «ሲኤምሲ! ሲኤምሲ!» እያለ ይጣራል። ምን እንዳሳቃቸው ሳትሰማ ግን መሄድ አልቻለችም።